ጨው፣ ማርና አውራ ጣት፦ የሂንዱ ፍልስፍና የማስተማሪያ ተረቶች ሲመረመሩ

አንድ አባት ለልጁ ጥቂት ጨው ሰጥቶ በውሃ ውስጥ እንዲጨምረውና በማግስቱ ጧት ተመልሶ እንዲመጣ ያዘዋል። ልጁ ሲመጣ አባቱ የማታውን ጨው እንዲያወጣለት ይጠይቀዋል። እጁን ከትቶ ቢዳብስ የሚጨበጥ ነገር የለም። ከአንዱ ዳር እንዲቀምስ፣ ከመካከል እንዲቀምስ፣ ከሌላው ዳር እንዲቀምስ ይታዘዛል፤ በሦስቱም ቦታ ምላሱ የሚያገኘው ጨው ነው። አባት ወደ ቁም ነገሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በህልውና ሁሉ ውስጥ ያለው ረቂቅ ነገር እንደ ጨዉ ዓይን የማያየው፣ እጅም የማይጨብጠው መሆኑን፣ ልጁም ራሱ ከዚያ ሌላ አለመሆኑን ይነግረዋል።

ታሪኩ የሚገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ እንደተቀናበረ በሚገመተው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ስድስተኛ ምዕራፍ ነው። አባት ኡዳላካ አሩኒ፣ ልጅ ሽቬታኬቱ ይባላሉ። ልጁ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ በ24 ዓመቱ ቬዳዎቹን ሁሉ አጥንቶ፣ ነገር ግን ደረቱን ነፍቶ ተመልሷል። አባት በዚህ ዕውቀት ላይ ሌላ መጽሐፍ አይጭንበትም። ጨው፣ ውሃ፣ የዋርካ ፍሬ የመሰሉ ከጓዳና ከደጅ የማይታጡ ነገሮችን እያስጨበጠ፣ እያስፈለጠና እያስቀመሰ ያስተምረዋል።

የሂንዱ መንፈሳዊ ፍልስፍና ተረቶች ሲወሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው ግምት መራራ መድኃኒትን የሚያጣፍጥ ማር ነው የሚል ነው፤ ፍልስፍናው ይከብዳል፤ ተረቱ ያቀልላል፤ የገባው ሰው ተረቱን ትቶ ፍልስፍናውን ይይዛል። ይህ ግምት ቅርፅን ከይዘት ነጥሎ የሚያይ በመሆኑ አያጠግብም። የጨዉን ታሪክ ከመደምደሚያው ብቻ የሚቀበል ሰው ባዶ ቃል ይዞ ይቀራል፤ የልጁን ሌሊት አላደረም፣ ውሃውንም አልቀመሰም። በኡዳላካ ትምህርት መደምደሚያው ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል። ነገር ግን ድግግሞሹ የመፈክር ድግግሞሽ አይደለም። በየድግግሞሹ ፊት ሌላ ምሳሌ ይቀርባል፤ ልጁም ገና እንዳልገባው ተናግሮ እንደገና ያስረዳው ዘንድ ይለምናል። አባት አይቆጣም፤ አዲስ ነገር ያመጣለታል። በክፍል ውስጥም ሆነ በስብሰባ አዳራሽ መደምደሚያን አስቀድሞ አስታጥቆ ጭብጨባ ለሚጠብቅ አስተማሪ ይህ ምዕራፍ የማይመች ንባብ ነው።

የዋርካው ፍሬ ምሳሌም የዚሁ ዓይነት ነው። ልጁ ፍሬውን ይፈለፍላል፤ ደቃቅ ዘሮች ያያል፤ አንዱን ዘር ደግሞ ይሰነጥቃል፤ ውስጡ ምንም እንደማይታየው ይናገራል። ያ ግዙፍ ዛፍ የቆመው ከዚህ ከማይታየው ነገር እንደሆነ አባት ይነግረዋል። እዚህ ላይ ሃሳባዊው ፍልስፍና በግልጽ ይሰማል። በዚሁ ምዕራፍ ግን ከሁለቱ ቀደም ብሎ የሚመጣ፣ ብዙ ተራኪዎች የሚዘሉት አንድ ሙከራ አለ። አባት ልጁን አሥራ አምስት ቀን እህል እንዳይቀምስ፣ ውሃ ግን እንደልቡ እንዲጠጣ ያዘዋል። ቀኑ ሲሞላ ቬዳዎቹን እንዲያነበንብ ሲጠየቅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያጠናው ሁሉ ከአእምሮው ጠፍቷል። አባት ልጁን ከታላቅ እሳት ከተረፈች የአብሪ ትል ከምታክል ፍም ጋር ያመሳስለዋል፤ ሂድና ብላ ይለዋል። ልጁ በልቶ ሲመለስ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። ትምህርቱም አእምሮ ከምግብ የሚሠራ ነገር ነው የሚል ሆኖ ይወጣል።

ሕንዳዊው የማርክሲስት ፈላስፋ ዴቢፕራሳድ ቻቶፓድያያ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «ሎካያታ» የጥንቷን ሕንድ ቁስ አካላዊ አስተሳሰብ ከተረሳበት ያወጣ ሊቅ ነው። ከዚያ በኋላ በጻፋቸው የሳይንስ ታሪክ ጥናቶች ደግሞ ኡዳላካን ከተፈጥሮ ተመራማሪዎች ቀዳሚ አድርጎ አቅርቦታል። የቬዳንታ ሊቃውንት በበኩላቸው ለብዙ ምዕተ ዓመታት ያንኑ ሰው የመንፈስ አንድነት ሰባኪ አድርገው ሲጠቅሱት ኖረዋል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሁለቱም ወገኖች ከአንዱ ታሪክ ይልቅ ሌላውን ያቅፋሉ፤ አንደኛው ወገን ረኀቡን ያሳንሳል፣ ሌላው ጨዉን። ምዕራፉን ያቀናበሩት ሰዎች ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠዋቸዋል። የተራበ ልጅ መማር እንደማይችል የሚያውቅ መምህር ነው ስለማይታየው ነገር የሚናገረው፤ የምዕራፉም ክብደት ከዚህ ይመጣል።

በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ የሚገኘው ሌላው አጭር ተረት የአድማጩን ድርሻ ይበልጥ ያጎላል። አማልክት፣ ሰዎችና አጋንንት ከአንድ አባት ከፕራጃፓቲ ዘንድ ትምህርታቸውን ጨርሰው የመጨረሻ ቃል ይጠይቁታል። ለሦስቱም የሚሰጣቸው አንዲት ፊደል ናት፤ «ዳ»። አማልክት ራስን መግዛት፣ ሰዎች መስጠት፣ አጋንንት መራራት ማለት ነው ብለው ይተረጉሟታል፤ በሳንስክሪት ሦስቱም ቃላት በዚያች ድምፅ ይጀምራሉ። እያንዳንዱ የሰማው የጎደለውን ነው። ትክክል ገባችሁ ከማለት በቀር መምህሩ የሚጨምረው የለም። እንግሊዛዊ ዜግነት የያዘው አሜሪካዊ ገጣሚ ቲ. ኤስ. ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ረጅም ግጥሙ መዝጊያ ላይ ይህን ተረት መጠቀሙ የታወቀ ነው። በግጥሙ ውስጥ ፊደሏ ከነጎድጓዷ ትሰማለች፤ አብረው የተማሩት ሦስት ዓይነት ተማሪዎች ግን የሉም።

እስከዚህ ያሉት ተረቶች መምህርና ተማሪ አስቀድመው የተገናኙባቸው ናቸው። ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው በሩ ላይ ነው፤ ማን ይግባ? ማንስ ይመለስ? ቻንዶግያ በአራተኛው ምዕራፍ የሳትያካማን ታሪክ ይተርካል። ሳትያካማ ሊማር ፈልጎ የአባቱን ዘር እናቱን ይጠይቃል። እናቱ ጃባላ በወጣትነቷ እየተዘዋወረች በአገልጋይነት ስትሠራ እንደወለደችው፣ አባቱ ከማን ወገን እንደሆነ እንደማታውቅ ሳትሸሽግ ትነግረዋለች፤ በእርሷ ስም ሳትያካማ ጃባላ ተብሎ እንዲጠራም ትመክረዋለች። ልጁ ወደ ሃሪድሩማታ ጋውታማ ሄዶ ሲጠየቅ እናቱ ያለችውን ቃል በቃል ይደግማል። መምህሩም እንዲህ ያለውን ነገር ከብራህማን በቀር ሌላ ሰው አይናገረውም ብሎ፣ ከእውነት ፈቀቅ ስላላለ ማገዶ አምጥቶ ተማሪ እንዲሆን ይፈቅድለታል። ከዚያም አራት መቶ ከሲታ ከብቶች ይሰጠዋል። ልጁ ሺህ ሳይሞሉ አልመለስም ብሎ ይነዳቸዋል፤ የመጀመሪያውንም ትምህርት በጫካ ከበሬ፣ ከእሳትና ከአዕዋፍ ያገኛል።

የመምህሩ መልስ ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው። እውነት መናገር ሰውን ብራህማን ያደርጋል ማለቱ ነው? ወይስ ብራህማን ሆኖ የተወለደ ብቻ እውነት ይናገራል ማለቱ? ጽሑፉ አይፈታውም። የፈቱት የኋላ ሰዎች ናቸው። በ8ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የኖረው ታላቁ የአድቫይታ ፈላስፋ ሻንካራ በብራህማ ሱትራ ትርጓሜው ይህን ታሪክ የጠቀሰው በሩን ለመዝጋት ነው፤ ጋውታማ ልጁን የተቀበለው ሹድራ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው ብሎ፣ ሹድራዎች ከቬዳ ትምህርት መከልከላቸውን ለማጽናት ተጠቅሞበታል። እዚያው አጠገብ ቬዳ ሲነበብ የሰማ ሹድራ ጆሮው በቀለጠ እርሳስ ይሞላ የሚለውን ጥንታዊ ሕግ ይጠቅሳል። በፍጥረት ሁሉ መካከል ልዩነት የለም ብሎ ያስተማረ ሰው ይህን ሲጽፍ ብዕሩ አልተንቀጠቀጠም። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ራቢንድራናት ታጎር ያንኑ ታሪክ በቤንጋልኛ ግጥም አድርጎ ሲጽፈው ክብሩን ለአፍረተ ቢሱ እውነት ሰጥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ አጥር፣ ሌላው መሻገሪያ አደረገው።

ሳትሰማ የቀረችው ጃባላ ናት። አገልጋይ ሆና ልጅ ያሳደገች፣ ልጇንም ለትምህርት የላከች ይህች ሴት፣ ታሪኩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ካናገራት በኋላ ወደ ቤቷ ሸኝቷት አይመለስባትም። ልጁን ያስገባው እውነት ግን መጀመሪያ ከእርሷ አፍ የወጣ ነው። መምህሩ እውነቱን ሲያወድስ የእውነቱን ባለቤት አይጠራም።

ማሃባራታ ስለ ማዕረግና ዕውቀት በጫካው ክፍል ያስቀመጠው የሥጋ ሻጩ ታሪክ ለዚህ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ካውሺካ የተባለ ባሕታዊ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሽመላ ኩሷን ትጥልበታለች፤ ተቆጥቶ ቢያያት ሞታ ትወድቃለች። በኃይሉ እየተገረመም እየተጸጸተም ለልመና ይወጣል። አንዲት የቤት እመቤት ባሏን ስታስተናግድ ታስጠብቀዋለች፤ ሲቆጣ እኔ ሽመላ አይደለሁም ትለዋለች። ርቆ በጫካ የሆነውን እንዴት እንዳወቀች ሲደነግጥ፣ የጽድቅን ነገር መማር ከፈለገ ሚቲላ ከተማ ወዳለ ሥጋ ሻጭ እንዲሄድ ትጠቁመዋለች። ብራህማኑ በሥጋ ገበያ መካከል፣ የአጋዘንና የጎሽ ሥጋ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆሞ ይማራል። አስተማሪው ሽማግሌ እናትና አባቱን ወስዶ ያሳየዋል፤ የእርሱ አምልኮ እነርሱን መጦር ነው። ስዋሚ ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1895 እና በ1896 በኒው ዮርክ ስለ ሥራ ፍልስፍና በሰጣቸው ትምህርቶች ይህን ታሪክ በሰፊው ተርኳል።

በቤት እመቤትና በሥጋ ሻጭ እግር ሥር የተቀመጠ ብራህማን፣ በዚያ ዘመን ሥርዓት ዓለም ተገልብጣ የቆመች ያህል ነው። ታሪኩ ግን እንደገለበጣት አያቆያትም። ሥጋ ሻጩ ሥራውን ከአባት ከአያት የወረሰው ግዴታ መሆኑን ይናገራል፤ በዚህ ሕይወት እዚህ ቦታ የተገኘውም በቀደመ ሕይወት በደረሰበት እርግማን እንደሆነ ይተርካል፤ ያውም ያን ጊዜ ብራህማን ነበረ። ስለዚህ ያ ሁሉ ጥበብ ሲመረመር ለካስ ምንጩ ዞሮ ብራህማን ነው! ተራኪው የከፈተውን ደፋር ትዕይንት ራሱ ፈርቶት በኋላ በር የዘጋው ይመስላል። ካውሺካ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሥጋ ሻጩ ወደ ሥጋው። ተረቱ የበታቹን ሰው ክብር ይሰጠዋል፤ ክብሩን ይዞ ግን ከቦታው እንዳይነቃነቅ ያደርገዋል። ሠራተኛን አመስግኖ ደመወዙን የማይጨምር አሠሪ ይመስላል።

ከማሃባራታ ተረቶች ሁሉ ርቆ የተጓዘው በሴቶች ልቅሶ ክፍል የሚገኘው የጉድጓዱ ሰው ምሳሌ ነው። በአስፈሪ ጫካ የሚሸሽ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና በሐረግ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ዝሆን፣ ከሥር እባብ ይጠብቁታል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች የተንጠለጠለበትን ይቆረጥማሉ። እርሱ ግን ከንብ እንጀራ የሚንጠባጠብ ማር እየላሰ ሁሉን ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው። ይህ ምሳሌ በፋርስና በዐረብ ቋንቋዎች ተሻግሮ፣ ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ በተቀዳው በበራላምና በይዋሴፍ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ክርስቲያናዊ ልብስ ለበሰ። ይዋሴፍ የሚለው ስም ራሱ ቦዲሳትቫ የሚለው የሕንድ ማዕረግ በየፊደሉ እየተለወጠ የደረሰበት መልክ ነው። መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም ናቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ገዳማት የተነበበው የዓለምን ከንቱነት የሚያስተምር ታሪክ አንድ ሥሩ በሕንድ ምድር ነው።

በጉዞው የተለወጠው አድማጩ ነው። በበራላም መጽሐፍ ምሳሌው የሚነገረው ገና ምንም ላልበደለ፣ ከቤተ መንግሥት አጥር ውጭ ያለውን ዓለም ለማያውቅ ወጣት ልዑል ነው። በማሃባራታ ግን ጠቢቡ ቪዱራ የሚነግረው ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ ለድሪታራሽትራ ነው፤ መቶ ልጆቹን በጦርነት ለቀበረ፣ ጦርነቱንም የልጁን ስግብግብነት ባለመግታቱ ላመጣ ገዥ። እዚያ የማሩ ጠብታ የሰው ልጅ ድካም ሁሉ ምልክት ከመሆኑ በፊት የአንድ አባት አድልዎና የአንድ ዙፋን ጣዕም ነው። ከዚህ ዐውድ ሲወጣ ምሳሌው ሰፋ፤ ጥርሱ ግን ረገፈ። ስለ ሁሉም ሰው የሚናገር ትምህርት ስለ ማንም ላይናገር ይችላል፤ ድሪታራሽትራም በዚያ ስፋት ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጣል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የቤንጋሉ ራማክሪሽና (1836–1886) ተረቱን እንደገና ወደ ገበያና ወደ መንገድ መለሰው። ከካልካታ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዳክሺኔስዋር ቤተ መቅደስ ካህን የነበረው ይህ ሰው የመደበኛ ትምህርቱ እጅግ ጥቂት ነበር። ንግግሩን በማስታወሻ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1932 በአምስት ቅጽ «ካታምሪታ» ብሎ ያሳተመው ማሄንድራናት ጉፕታ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ከተረቶቹ አንዱ ሁሉም ነገር አምላክ ነው ተብሎ ስለተማረ ደቀ መዝሙር ይናገራል። ደቀ መዝሙሩ በመንገድ ያበደ ዝሆን ሲመጣ ያያል። ነጂው ከላይ ሆኖ ዘወር በሉ እያለ ይጮኻል። ልጁ ግን ዝሆኑም አምላክ ነው ብሎ ባለበት ቆሞ ይዘምራል። ዝሆኑ በኩምቢው አንሥቶ ይወረውረዋል። ሲነቃ መምህሩ ይጠይቀዋል፤ ዝሆኑ አምላክ ከሆነ ዘወር በል ያለህ ነጂስ አምላክ አልነበረም? የነጂውን ቃል ለምን አልሰማህም?

በዚህ ተረት ውስጥ የሚሳቀው በመናፍቅ ወይም በከሐዲ አይደለም፤ ትምህርቱን ከሚገባው በላይ ባመነ ሰው ነው። ተረቱ የቆመው ፍልስፍናውን ለማጣፈጥ ሳይሆን ልጓም ለማስገባት ነው። የእባቡም ተረት እንዲሁ ያደርጋል። አትንደፍ የተባለው እባብ በልጆች ድንጋይ ተደብድቦ ሊሞት ሲደርስ፣ መምህሩ መጥቶ አትንደፍ አልኩህ እንጂ አታፏጭ መች አልኩህ ይለዋል። ሃሳባዊ ፍልስፍና ሰው ጥቃትን ዝም ብሎ እንዲቀበል ያደርጋል ለሚለው ትችት፣ ከራሱ ከፍልስፍናው ቤት የተሰጠ መልስ ነው። መልሱ ግን ማፏጨት ድረስ ብቻ ይሄዳል፤ ድንጋይ የሚወረወረው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

የቀረው ኤካላቭያ ነው፤ ሁሉም ጥያቄዎች እርሱ ዘንድ ይገናኛሉ። ኤካላቭያ የኒሻዳዎች አለቃ ልጅ ነው። የመሳፍንቱን ልጆች ቀስት ውርወራ ወደሚያስተምረው ወደ ድሮና ዘንድ ቢመጣ በወገኑ ምክንያት ይባረራል። ጫካ ገብቶ የድሮናን ምስል ከጭቃ ይሠራል፤ በምስሉ ፊት ብቻውን ይለማመዳል። አንድ ቀን የፓንዳቫዎች ውሻ ሲጮህበት ሰባት ቀስቶች አከታትሎ አፉ ውስጥ ይሰድዳል። ከአንተ የሚበልጥ ተማሪ አይኖረኝም የተባለው አርጁና በቅናት ይቃጠላል። ድሮና ጫካ ድረስ መጥቶ፣ ተማሪዬ ከሆንክ ወረታዬን ክፈል ይላል፤ ወረታው የቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው። ኤካላቭያ ፊቱ ሳይጠቁር ቆርጦ ይሰጣል። ቀስቱ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም፤ የአርጁናም ትኩሳት ለቀቀው ይላል ታሪኩ።

ይህ ለብዙ ምዕተ ዓመታት የደቀ መዝሙር ታማኝነት ምሳሌ ሆኖ ተተርኳል። መምህሩ ያላስተማረውን ትምህርት ዋጋ መጠየቁን፣ ዋጋውም ያንኑ ትምህርት የሚያጠፋ መሆኑን የሚያነሣ ተራኪ እምብዛም አልነበረም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነገሩ ተለወጠ። አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1927 በማሃድ የማኑን የሕግ መጽሐፍ በአደባባይ ባስቃጠለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥትም «የማይነኩ» የሚለውን መለያ በሻረበት ዘመን፣ የዳሊት ጸሐፊዎች የተቆረጠውን ጣት ከታማኝነት መዝገብ አውጥተው ከዝርፊያ መዝገብ አስገቡት። የታሪኩን አንዲት ቃል መለወጥ አላስፈለጋቸውም፤ የአርጁናን ትኩሳት ማንበብ ብቻ በቃቸው። ማሃባራታ ራሱ ምስጢሩን አልደበቀም ነበር።

የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 ለምርጥ ስፖርተኞች የሚሰጥ ሽልማት በአርጁና ስም፣ በ1985 ደግሞ ለአሠልጣኞች የሚሰጥ ሽልማት በድሮና ስም አቋቁሟል። ከ1997 እና 1998 ጀምሮ ለጎሣ ማኅበረሰብ ልጆች የተከፈቱት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በኤካላቭያ ስም ይጠራሉ። ሦስቱም በአንድ መንግሥት መዝገብ ውስጥ ሰላም ብለው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን ምን እንዳደረገው ግን ከሽልማቱ ሰሌዳ ላይ አይነበብም።

ከሽልማት ሰሌዳ ይልቅ ለዚህ ታሪክ የተሻለ ቦታው መድረክ ሳይሆን አይቀርም። የሕንድ ቴአትር ማሃባራታን ያለ ፍርሃት መክፈት እንደሚችል ዳራምቪር ባራቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው «አንዳ ዩግ» በተባለ የግጥም ተውኔቱ አሳይቷል፤ ኢብራሂም አልካዚም በ1963 ዴልሂ በሚገኘው የፌሮዝ ሻህ ኮትላ ፍርስራሽ ላይ ሲያዘጋጀው የጥንቱ ፍጅት ከ1947ቱ የአገር መከፈል እልቂት ጋር ተፋጠጠ። ኤካላቭያን የሚያዘጋጅ ሰው የሚገጥመው ችግር ከዚህ የጠበበ ነው። ጽሑፉ ልጁ ፊቱ ሳይጠቁር ሰጠ ይላል፤ ተዋናይ ግን ፊት አለው። ፈገግ ካለ ትዕይንቱ ስብከት ይሆናል፤ ካለቀሰ ልጁ የማያውቀውን የዳሊት ጸሐፊዎች ንዴት አስቀድሞ ይወስድበታል። ጣቱን ዘርግቶ ሲሰጥ የሚያየው ሕያዉን ድሮና ይሁን ወይስ ከጀርባው የቆመውን የጭቃ ምስል፣ ያን አዘጋጁ ራሱ መወሰን አለበት።